ሴንሰሩ የት ነው የተሰቀለው? በፋብሪካ ስላለው የጋዝ መለያ መሣሪያ ማወቅ ያለብን ነገር



የዛሬው ርዕስ ትንሽ ለየት ይላል። ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም። ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አረንጓዴ መብራት ስለምታበራ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ጋዝ ዲቴክተር። "እኔ ፋብሪካ አልሠራም" ብላችሁ እንዳታልፉት። ወንድማችሁ፣ ባለቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ይሠራ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቤታችን የሚገባ ጉዳይም አለ።

ከዕለታት አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከአንድ ቆዳ ፋብሪካ ሁለት ወጣቶችን በፒክአፕ ጭነው አመጡልን። አንደኛው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የተዘጋ ፓምፕ ሊያይ ወርዶ ነበር። ሁለተኛው ጓደኛው ሲወድቅ አይቶ ሊያወጣው ተከትሎ ገባ። መጀመሪያ የገባውን ልናተርፈው አልቻልንም፤ እኛ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ከቆመ ቆይቷል። ሁለተኛው አራት ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይቶ ተረፈ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ዶክተር፣ እሱስ?" ብሎ ነው።

አብሯቸው የመጣው የፈረቃ ኃላፊ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር። "ዶክተር፣ እኛ እኮ ዲቴክተር አለን! አልጮኸም።"

በኋላ ሲያስረዳኝ ነገሩ ገባኝ። መሣሪያው ከጉድጓዱ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ነበር የተሰቀለው። ለምን እዚያ? የኤሌክትሪክ መስመሩ በዚያ ስለሚያልፍ። ጋዙ ግን ከአየር ይከብዳል፤ ታች ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ነበር። መሣሪያው አልተበላሸም። እሱ ባለበት ቦታ ጋዝ አልነበረም፣ ስለዚህ ዝም አለ።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። የመሣሪያው ቦታ በባለሙያ ጥናት ነው የሚወሰነው። ግን ጋዝ ሰውነትን እንዴት እንደሚጎዳ ካወቅን መሣሪያው የት መሆን እንዳለበት ለመረዳት አይከብድም። ሠራተኛውም "ይሄ ነገር ልክ ነው ወይ?" ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችለው እውቀት ሊኖረው ይገባል።

👉 አፍንጫችን ለምን አይበቃም?

ብዙ ሰው "ጋዝ ካለ ይሸተኛል" ብሎ ያስባል። ይሄ አደገኛ እምነት ነው።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድን እንውሰድ። የገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ነው። ፍሳሽ ጉድጓድ፣ ሴፕቲክ ታንክና ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ይገኛል። ቆዳ ፋብሪካ ላይ ፀጉሩን ከቆዳው ለማንሳት ሶዲየም ሰልፋይድ ይጠቀማሉ። በሌላው ደረጃ ደግሞ አሲድ ይገባል። የሁለቱ ፍሳሽ አንድ ቦይ ውስጥ ከተገናኘ ይሄ ጋዝ በብዛት ይወጣል።

ሽታው በጣም በትንሽ መጠን፣ ከ1 ፒፒኤም በታችም ይታወቃል። (ፒፒኤም ማለት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ስንቱ ጋዙ እንደሆነ የሚነግረን መለኪያ ነው።) መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም ሲደርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ የማሽተት ነርቫችንን ያደነዝዘዋል። ሠራተኛው "ሽታው ጠፋ፣ ተሻሻለ" ይላል። የጠፋው ግን ጋዙ አይደለም፣ የማሽተት አቅሙ ነው። ከ500 ፒፒኤም በላይ ሲሆን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ 1000 አካባቢ ከሆነ ደግሞ አንድ ሁለት ትንፋሽ ሊበቃ ይችላል። ጋዙ ሴሎቻችን ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ያደርጋቸዋል። ሳንባችን አየር ቢያስገባም ሰውነታችን ሊጠቀምበት አይችልም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ጭራሽ ሽታ የለውም። ቀለምም የለውም፤ ጉሮሮም አያቃጥልም። ቦይለር ክፍል፣ ጀነሬተር ያለበት ቤት፣ ፎርክሊፍት የሚሠራበት የተዘጋ መጋዘን ውስጥ ይጠራቀማል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ "ድካም ነው" ብሎ ጋደም ይላል። በዚያው ይቀራል።

ድሮ የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ በቅርጫት ይዘው ይወርዱ ነበር። ወፏ ከሰው ቀድማ ስለምትታመም እሷ ስትዘም ሰዎቹ ይወጣሉ። ይሄ ልማድ በመሣሪያ እንዲተካ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ልብ በሉ፣ ወፏን ቢሮ ውስጥ አላስቀመጧትም። እነሱ የሚተነፍሱትን አየር እንድትተነፍስ አብረዋት ነው የሚወርዱት። የዲቴክተርም መሠረታዊ ሕግ ይሄው ነው።

👉 የትኛው ጋዝ፣ የት ቦታ?

ዋናው ጥያቄ "ጋዙ ከአየር ይከብዳል ወይስ ይቀላል?" የሚለው ነው።

1. ከአየር የሚከብዱ፦ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ክሎሪን (ውኃ ማጣሪያ ላይ ያለው፣ ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይከብዳል)፣ የሲሊንደር ጋዝ (የሆቴል ወጥ ቤትና የፋብሪካ ማቃጠያ)፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ቢራ ፋብሪካ)። ለእነዚህ ሴንሰሩ ታች ነው የሚሆነው፤ ብዙ ጊዜ ከወለል ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ። ወለል ላይ ግን አይለጠፍም፤ ወለል ሲታጠብ ውኃ ይገባበታል።

2. ከአየር የሚቀሉ፦ ሚቴን (ባዮጋዝ)፣ ሃይድሮጅን (የፎርክሊፍት ባትሪ የሚሞላበት ክፍል)፣ አሞኒያ (የትልልቅ ማቀዝቀዣ ክፍሎች)። ለእነዚህ ሴንሰሩ ላይ፣ ጣሪያው አካባቢ፣ ሊያፈተልክ ከሚችለው ቦታ በላይ ይሆናል። አሞኒያ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፈሳሽ አሞኒያ ሲያፈተልክ መጀመሪያ እንደ ቀዝቃዛ ጉም ሆኖ ወለል ለወለል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከኮምፕረሰሩና ከቫልቩ አጠገብም መሣሪያ ያስፈልጋል።

3. ከአየር ጋር እኩል የሆነ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ሴንሰሩ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ፣ ከ1.5 ሜትር አካባቢ ላይ ይሆናል። የኦክስጅን መጠን የሚለካውም እንደዚሁ።

ቢራ ፋብሪካ ላይ የምትሠሩ ይቺን ልብ በሉልኝ። "ኦክስጅን መለኪያ ስላለን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያሳውቀናል" የሚል አስተሳሰብ አለ። እስቲ እናስላው። የተለመደው አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። የኦክስጅን አላርም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ከ19.5 በመቶ ሲወርድ ነው። ክፍሉ ውስጥ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢገባ ኦክስጅኑ ወደ 19.9 ገደማ ብቻ ነው የሚወርደው። አላርሙ አይጮኽም። ግን 4 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ለሕይወት አስጊ ተብሎ የተመደበ መጠን ነው። ስለዚህ የራሱ መለኪያ ያስፈልገዋል።

👉 ቦታ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

❌ መስመር ወይም ምሰሶ ስላለ ብቻ እዚያ መስቀል። የኛ ታካሚዎች ታሪክ ይሄ ነው።

❌ በር፣ መስኮት ወይም ቬንትሌተር አጠገብ መስቀል። ንጹሕ አየር እየነፈሰበት "ሁሉም ሰላም ነው" እያለ ይኖራል። ጋዝ የሚጠራቀመው አየር በማይደርስበት ጥግ ነው።

❌ ለአንድ ትልቅ አዳራሽ አንድ ሴንሰር። ጋዝ ደጅ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ሊያፈተልክ በሚችለው እያንዳንዱ ቦታ አጠገብ (ቫልቭ፣ ፓምፕ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ የሲሊንደር መደርደሪያ) እና ሰው በሚቆምበት ቦታ መኖር አለበት።

❌ አላርሙ ውስጥ ብቻ መሆኑ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያየው መብራት በሩ ላይ ያስፈልጋል። ማሽን የሚጮኽበት ቤት ከሆነ ድምፅ ብቻውን አይሰማም፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይጨመርበት።

❌ የባለሙያ እጅ በማይደርስበት ቦታ መስቀል። ሊደረስበት የማይቻል መሣሪያ ማንም አይፈትሸውም።

❌ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መሣሪያ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተር ይነሳል፣ የአየር ማስወጫው ይቆማል። መሣሪያው በጣም የሚያስፈልገው ያኔ ነው። የራሱ ባትሪ ይኑረው።

👉 ደረት ላይ የሚሰካው ትንሹ መሣሪያ

ግድግዳ ላይ ያለው ክፍሉን ይጠብቃል፤ ልብስ ላይ የሚሰካው እናንተን ይጠብቃል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

የሚሰካው ኮሌታ ወይም ደረት ላይ፣ ከአፍና አፍንጫ 30 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነው። ቀበቶ ላይ፣ ኪስ ውስጥ ወይም ከጃኬት ሥር ከሆነ የሚለካው የኪሳችሁን አየር ነው።

ጉድጓድ፣ ታንክ ወይም ማንኛውም ጠባብ ቦታ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ከውጭ ሆኖ በቱቦ ወይም በገመድ ይለካል። ሦስት ቦታ፦ ላይ፣ መሃል፣ ታች። ቅደም ተከተሉም አለው፦ መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ የሚቀጣጠል ጋዝ፣ ከዚያ መርዛማው። ኦክስጅን የሚቀድመው ብዙዎቹ የሚቀጣጠል ጋዝ መለኪያዎች ራሳቸው ለመሥራት ኦክስጅን ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ኦክስጅን በሌለበት "ዜሮ" ብለው ሊዋሹ ይችላሉ። ጠዋት ተለክቶ "ደህና ነው" ከተባለ በኋላ ዝቃጩ ሲነካካ ጋዝ ሊለቅ ስለሚችል፣ ሥራው እስኪያልቅ መለካቱ መቀጠል አለበት።

ስልካችሁ ጋዝ አይለካም። እንዲያውም የሚቀጣጠል ጋዝ ባለበት ቦታ ተራ ስልክ ይዞ መግባት ራሱ አደጋ ነው። የጉድጓዱን ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ እንዳትሞክሩት።

👉 መሣሪያው መኖሩ አይበቃም፣ መጠበቅ አለበት

አረንጓዴ መብራት መብራቱ ኤሌክትሪክ እንዳለው እንጂ ጋዝ እንደሚለይ አያረጋግጥም። እኛ ሐኪሞች የደም ግፊት መለኪያችን ካልተስተካከለ የተሳሳተ መድኃኒት እናዛለን። እዚህም ያው ነው።

✅ በየቀኑ፦ የሚሰካው መሣሪያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ትንሽ የታወቀ ጋዝ ነፍተውበት ይጮኽ እንደሆነ ይታያል። ባለሙያዎቹ በምፕ ቴስት ይሉታል። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ካልጮኸ ያን ቀን አይወጣም።

✅ በየጊዜው፦ ካሊብሬሽን፣ ማለትም በትክክለኛ መጠን ጋዝ ማስተካከል። እንደ አምራቹ መመሪያ ቢለያይም ብዙ ጊዜ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ነው።

✅ ሴንሰሩ ያረጃል። መርዛማ ጋዝ የሚለዩት ሴንሰሮች ብዙዎቹ የሚያገለግሉት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። ሳጥኑ አዲስ ቢመስልም ውስጡ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የሚቀየርበት ቀን ላዩ ላይ ይጻፍ።

✅ ሲሊኮን ያለበት ስፕሬይ ወይም ቅባት አጠገቡ አይረጭ፤ የሚቀጣጠል ጋዝ ሴንሰርን ሊገድለው ይችላል። አቧራ፣ ቀለምና ውኃም ወንፊቱን ይዘጋዋል።

✅ ሁሉም ነገር መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ማን ፈተሸው፣ መቼ፣ ምን አሳየ። ኃላፊነቱ "የሁሉም" ከሆነ የማንም አይሆንም። ስሙ የሚታወቅ አንድ ባለቤት ይኑረው።

አላርሙ ሲጮኽስ? እዚህ ላይ ትልቅ ችግር አለ። ደጋግሞ ሲጮኽ "ይሄ ነገር አበዛው" ተብሎ በፕላስተር ይሸፈናል፣ ወይም ይነቀላል። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ሁለት ደረጃ አለው። ለምሳሌ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 10 ፒፒኤም ላይ የመጀመሪያው፣ 15 ላይ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል፤ ለሚቀጣጠል ጋዝ ደግሞ ሊቀጣጠል ከሚችልበት ዝቅተኛ መጠን 10 በመቶው እና 20 በመቶው። መጀመሪያ ደረጃ ላይ ምን ይደረጋል? ሁለተኛው ላይ ማን ያስወጣል? የት ነው የምንሰበሰበው? ይሄ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ተለጥፎ፣ ልምምድ ተደርጎበት መታወቅ አለበት። እየደጋገመ የሚጮኽ ከሆነ ወይ ጋዝ አለ፣ ወይ መሣሪያው መጠገን አለበት። ሦስተኛ አማራጭ የለም።

ሕንድ ቦፓል ላይ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1984 በፀረ ተባይ ፋብሪካ በደረሰው የጋዝ አደጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ያን ሌሊት ሠራተኞቹ ጋዝ እያፈተለከ መሆኑን ያወቁት በመሣሪያ አይደለም፤ ዓይናቸው ማቃጠልና ማንባት ሲጀምር ነው። የሰውን ዓይን ዲቴክተር ማድረግ ዋጋው ይሄን ያህል ነው።

👉 ሰው ወድቆ ብታዩ

ይሄን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መረጃ መሠረት በጠባብ ቦታዎች ከሞቱት ሰዎች ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ነበሩ። የኛ አገር ሰው ደግሞ ጓደኛው ወድቆ ቆሞ አያይም። ይሄ ደግነታችን ነው። ግን ያለ መሣሪያ ስትገቡ የምታድኑት ሰው የለም፤ የሚወጣው አስከሬን ሁለት ይሆናል።

• አትግቡ፤ ሌላውም እንዳይገባ ከልክሉ።
• ጩኹ፣ አካባቢውን አስለቅቁ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።
• ከውጭ ሆናችሁ የምትችሉትን አድርጉ፦ አየር ማስገቢያውን ክፈቱ፣ በገመድ ታስሮ ከሆነ ሳቡት።
• መግባት የሚችለው የራሱን አየር በሲሊንደር የተሸከመ፣ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። የኮቪድ ማስክም ሆነ እርጥብ ፎጣ ጋዝ አያቆምም።
• ከወጣ በኋላ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውሰዱት፤ ካልተነፈሰ የምታውቁ ሰዎች ሲፒአር ጀምሩ። በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከሆነ በአፍ ለአፍ ትንፋሽ አትስጡት።
• ሐኪም ቤት ስትደርሱ ምን ጋዝ እንደሆነ ወይም ምን ሲሠራ እንደነበር ንገሩን። ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ትቀይራለች። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘ ሰው ጣቱ ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 98 ወይም 99 ሊያሳይ ይችላል፤ መሣሪያው ልዩነቱን አያውቅም። ካልነገራችሁን ልንሸወድ እንችላለን። ንጹሕ አየር ላይ ብቻ ቢቆይ ጋዙ ከደሙ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በሙሉ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ "ተሻለኝ" ቢልም አምጡት።

👉 ስለ ወተት ደግሞ እንነጋገር

ብዙ ፋብሪካ ላይ ለሠራተኛ ወተት ይሰጣል፤ "ኬሚካሉን ያጥባል" ተብሎ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ጠጡት። ግን ወተት የሚገባው ጨጓራ ነው፤ ጋዝ የሚገባው ሳንባና ደም ነው። አይገናኙም። ለወተት የሚወጣው ገንዘብ በዲቴክተርና በአየር ማስወጫ ምትክ ከሆነ ሠራተኛው ተሸውዷል ማለት ነው።

👉 ነገ ሥራ ስትገቡ የምትጠይቋቸው አምስት ጥያቄዎች

1. እዚህ ክፍል ውስጥ የትኛው ጋዝ ሊኖር ይችላል?
2. ሴንሰሩ የት ነው? ቦታው ለዚያ ጋዝ ልክ ነው?
3. ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው?
4. ሲጮኽ እኔ ምን ነው የማደርገው? በየት ነው የምወጣው?
5. ጉድጓድ ግባ ከተባልኩ ማን ይለካል? ውጭ ማን ይጠብቀኛል?

ይሄን መጠየቅ አመፅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውን ደህንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስገነዝብ ያስገድደዋል። ሠራተኛውም መመሪያውን የመከተልና የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት። አላርም በፕላስተር የሸፈነ ሠራተኛ ጥፋቱ የራሱም ነው።

ሥራ ላይ ስትሆኑ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን ማቃጠል ወይም ማዞር የሚሰማችሁ፣ ቤት ስትገቡ ወይም እሑድ ቀን የሚተዋችሁ ከሆነ፣ በተለይ አብረዋችሁ የሚሠሩትም እንደዚያ ካሉ፣ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትለፉት። ለሐኪም ስትነግሩ የምትሠሩበትን ቦታም ጨምራችሁ ንገሩ።

ቤት ያላችሁ ደግሞ፦ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት፣ ጀነሬተር በረንዳ ወይም ደረጃ ሥር ማስነሳት፣ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከሰሉ ጭስ ስላቆመ ጋዝ አቆመ ማለት አይደለም። ማንደጃውን ከመተኛታችሁ በፊት አውጡት።

ያ የተረፈው ልጅ ከወራት በኋላ ለክትትል መጥቶ ነበር። ወደዚያው ሥራ ተመልሷል። "ሴንሰሩን አወረዱት ዶክተር፤ አሁን ጉልበቴ ጋ ነው ያለው" አለኝ። ሁለት ሜትር ገደማ ዝቅ ለማድረግ አንድ ሰው መሞት አልነበረበትም።

ፋብሪካ፣ ቢራ ማምረቻ፣ ውኃ ማጣሪያ፣ ሆቴል ወጥ ቤት ወይም የፍሳሽ ሥራ ላይ ያለ የምታውቁት ሰው ካለ ይሄን ላኩለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተራ እመልሳለሁ።

በሰላም ገብታችሁ በሰላም ውጡ። መልካም ጤና!